የሀጂት ሉባባ ማር

ሚዛኑ ላይ የወጣችውን ሴት ዙህራ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ሴትየዋ እስከ አፍንጫዋ ድረስ በጥቁር ሻርፕ ተሸፍናለች፤ የሚታየው የጎደጎደ ዓይንና የተጨማደደ ግንባር ብቻ ነው። አርባ አንድ ኪሎ። ዙህራ ቁጥሩን ጻፈችና ክንድ የምትለካበትን ሜትር አነሳች። ጅማ ውስጥ በዚህ ጤና ጣቢያ በቀን ሠላሳ አርባ ሰው ትመዝናለች። የሰው ፊት ማየት ከተወች ቆይታለች፤ የምታየው ክንድ ነው።

«እጅጌዎን ከፍ ያድርጉልኝ፣ እናቴ።»

«ቀስ አርጊ፣ ኢንተለ ኮ» አለች ሴትየዋ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ቀስ አርጊ ልጄ፣ አጥንት ብቻ ነው የቀረኝ።»

የዙህራ እጅ ባለበት ቀረ።

ይሄን ድምፅ ታውቀዋለች። እንዴት አታውቀው? ምግብ ስትሠራ፣ ልብስ ስታጥብ፣ መንገድ ስትሄድ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ የኖረ ድምፅ ነው። «ይቺ ልጅ እርጉዝ ናት!» ያለው ድምፅ ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ እናቷ ፊት።

«ስምዎን ማን ልበል?» አለች ዙህራ።

«ሉባባ። ሀጂት ሉባባ በይ። ከሊሙ ገነት ነው የመጣሁት። እዚያ ብመረመር ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል ብዬ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ አላህ ይስጥሽ።»

«አልናገርም። ምን ሆኑ?»

«ምን ያልሆንኩት አለ! በአራት ወር እንዲህ አለቅኩልሽ። ሰው ሲከሳ የኛ አገር ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ያ በሽታ ይዟታል አሉኝ። እኔን! መካ ደርሼ የመጣሁትን! ባለፈው ለቅሶ ቤት ብሄድ አልማዝ፣ ያቺ ጎረቤቴ፣ ሰው ሁሉ ባንድ ገበታ ሲበላ ለእኔ ለብቻዬ በቆርቆሮ ሳህን አቀረበችልኝ። ዓይኔ እያየ። ዋጥኩት። ምን ላድርግ?»

ዙህራ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ደረቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር እየሞቀ ወጣ። ደስታ ነበር። ደስ አላት፣ ምን ይደበቃል!

ሀጂት አላወቀቻትም። ልታውቃት አትችልም። ያኔ የምታውቃት ዙህራ ጉንጯ ወደ ውስጥ የገባ፣ እግሯ እንደ በቆሎ አገዳ የቀጠነ ልጅ ነበረች። የዛሬዋ ዙህራ ሰባ ስምንት ኪሎ ናት። የምትውጠው አዲሱ ኪኒን ከመጣ ወዲህ ብቻ አሥራ አራት ኪሎ ጨምራለች። ጉንጯ ሞልቶ፣ አገጯ ተደርቦ፣ ሰፈርተኛው «ተመችቷታል» ይላታል። ክንዷ ብቻ ነው ያልተመለሰላት። ዛሬም ቀጭን ነው፤ የደም ሥሩ እንደ ገመድ ተጋድሞ ይታያል።

«ምን ይመገባሉ፣ ሀጂት?» አለች። ሥራዋ ነው፣ መጠየቅ አለባት።

«ማር በቅቤ! ጠዋት ጠዋት አንድ ጭልፋ ሙሉ። የጫካ ማር ነው፣ ልጄ ከገጠር ያስመጣልኛል። ሻይዬን በአራት ማንኪያ ስኳር፣ በላዩ ላይ ሙዝ። ሥጋዬ ይመለስ ብዬ ነው። ሥጋዬ ከተመለሰ ወሬውም ይጠፋል። ግን ምን ዋጋ አለው? በበላሁ ቁጥር እከሳለሁ። ውሃ ደግሞ አልጠግብም። ጠጥቼ ጠጥቼ ሽንት ቤት ስመላለስ ይመሻል።»

ዙህራ ብዕሯን አቆመች።

ገባት። ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አዲሱ ኪኒን ስኳሯን ከፍ ማድረግ ከጀመረ ጀምሮ ዙህራ በየጠዋቱ ጣቷን ወግታ ትለካለች፤ ሻይዋን ባዶውን ትጠጣለች፤ ጅሬን ዳገት ድረስ በእግሯ ወጥታ ትወርዳለች። ጥማቱን፣ ሽንቱን፣ እየበሉ መክሳቱን ታውቀዋለች። ይቺ ሴት ስኳር ነው የያዛት። ለመወፈር ብላ የምትውጠው ማር በየቀኑ እየገደላት ነው።

አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቅጹ ላይ «ጥማት» የሚል ቦታ አለ፣ «ሽንት» የሚል ቦታ አለ። ሁለት ምልክት።

ዙህራ ሁለቱንም ባዶ ተወችው።

* * *

ነገሩ እንዲህ ነው።

ዙህራ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለሹፌር ተዳረች፤ በሃያ ሁለቷ ባሏ ሞተ። የተወላት ቫይረሱን ነው። እሷም ልትከተለው ስትል መድኃኒቱ ደረሰላት። ያን ጊዜ የነበረው ኪኒን ጉደኛ ነበር፤ ነፍሷን መልሶ ሰጣት፣ መልኳን ግን አዛብቶ ሰጣት። ከጉንጯና ከእግሯ ላይ ስቡን መጦ ሆዷ ላይ ከመረው። ፊት የከሳ፣ ሆድ የገፋ፣ ከሩቅ ያያት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሚላት ሴት ሆነች። ምክንያቱ ኪኒኑ መሆኑን ከሷና ከሐኪሞቹ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ከእናቷ ጋር ሊሙ ገነት፣ የሀጂት ሉባባ ባል መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅማለች። ሃምሳ ሴት መሬት ላይ ተደርድሮ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ይለያል። የባለ መጋዘኑ ልጅ ቲጃኒ በሃምሳ ሴት መሃል ዓይኑ አንዷ ላይ ብቻ ያርፍ ነበር። አይናገርም። ቆሞ ያያታል፤ ቀና ስትል ጆንያ መቁጠር ይጀምራል፤ ቆጥሮ ይስታል፤ ሴቶቹ ይስቁበታል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኖ፣ አንድ ቀን «ላገባሽ ነው የምፈልገው» አላት። እጇን እንኳ ነክቶ አያውቅም።

በሽታዋን ልትነግረው ቀን ቆርጣ ነበር። ሀጂት ቀደመቻት። በደንቡ መሠረት የወንዱ ወገን ሴቶች ልጅቱን ሊያዩ ወደ ዙህራ እናት ቤት መጡ። ሀጂት ልጅቱን አስነሳቻት፣ አዞረቻት፣ መዳፏን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጮኸች።

ዙህራ «መድኃኒት ነው» ብትል የምን መድኃኒት ሊሏት ነው። ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ከቲጃኒ ወረቀት መጣላት። ሁለት መስመር ነው። «የማን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ይቅር እልሻለሁ።»

ይቅር እልሻለሁ! ከሀጂት ጩኸት በላይ ያቃጠላት ይሄ ነው። እናቷን ይዛ ጅማ ገባች፣ በቾ ቦሬ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየች፣ ደግማ ሊሙን አልረገጠችም። እናቷ በሁለተኛው ዓመት ሞተች፤ ሰው ፊት የወደቀው ስሟ ሳይነሳ።

* * *

ዙህራ ቅጹን ይዛ ከመመዘኛው ክፍል ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰውዬ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል። ከመኪና ቁልፉ ጋር እየታገለ ቀና አለ።

«እህቴ፣ እናቴ እንዴት...» ብሎ ጀመረና ዓይኑ ቅጹን የያዘው ክንዷ ላይ ወደቀ። ከክንዷ ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ተመልሶ ወደ ክንዷ ሄደ።

«ዙህራ?»

«ወረፋ ይጠብቁ፣ ጌታዬ።»

«ዙህራ ነሽ። ወላሂ ዙህራ ነሽ።»

«እዚህ ዙህራ የምትባል ስድስት አለች። የትኛዋን ነው የፈለጉት?»

«ሊሙ ቡና ትለቅም የነበረችውን።»

«እሷማ የለችም። እርስዎ አይደሉም እንዴ የቀበሯት?»

 የቲጃኒ ዓይን ውሃ ሲሞላ አየች። ያ ዓመት ሙሉ ጆንያ እየቆጠረ የሳተ ዓይን ነው። ልቧ ወደሱ ዘለለ፣ ውሸት አይወራም። እሷም ልቧን ይዛ መለሰችው፤ እንደ ባለጌ ከብት ጎትታ መለሰችው።

ምርመራ ክፍል ውስጥ ሲስተር ሌንሳ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። ሌንሳ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀልድ አያልቅባትም።

«ዙሁ፣ ይቺ እናትዬ ምነው እንዲህ ደረቀች? ያለሽን ኪሎ ግማሹን ስጫት እንጂ!»

«ሐዘን አለባቸው» አለች ዙህራ። «አይበሉም።»

«ሌላ ምልክት?»

«የለም።»

ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ቀለላት። ሀጂት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ጣቶቿን እያፍተለተለች ስትጸልይ ዙህራ ለሃያ ደቂቃ ያህል አየቻት። ውጤቱ ወጣ፤ ቫይረሱ የለባትም። ሀጂት የሌንሳን እጅ ሳመች፣ ቀጥሎ የዙህራን። ሆዷን የዳሰሰች ያቺ እጅ ያዘቻት፣ የጮኸው ያ ከንፈር ሳማት። «አልሀምዱሊላህ! ወረቀት ጻፉልኝ፣ ማኅተም አድርጉልኝ፣ ዓርብ ሴቶቹን ሁሉ ጠርቼ አሳያቸዋለሁ! ማሬን በእጥፍ ነው የምበላው!»

«ይብሉ» አለች ዙህራ።

ቀኑን ሙሉ ያቺ ቃል ምላሷ ላይ ጣፈጠቻት።

* * *

ማክሰኞ እንዲህ አለፈ። ረቡዕ ጠዋት ዙህራ ጣቷን ወግታ ስኳሯን ስትለካ ደሙ ከመለኪያው ወረቀት ውጭ ፈሰሰ። ደግማ ወጋች። «ምን አገባኝ» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። «ለምርመራ መጣች፣ ተመረመረች፣ ሄደች። ምን አገባኝ።» 

ሐሙስ ቀትር ላይ የጤና ጣቢያው ዘበኛ የታሸገ ደብዳቤ ሰጣት። ሌንሳ ከሩቅ አይታ «ኦሆ! በዚህ ዘመን በወረቀት የሚጽፍ ማነው? ሙዚየም ነው እንዴ የሚሠራው?» ብላ ሳቀች። ዙህራ አልሳቀችም። የእጅ ጽሑፉን ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላም ታውቀዋለች። ከሕንፃው ጀርባ ሄዳ ቆማ አነበበችው።

«ዙህራ፣

ስልክሽን ልጠይቅ አፈርኩ። እዚያ ጤና ጣቢያ ለምን እንደምትሠሪ አልጠይቅሽም፣ ስላየሁሽ ብቻ አላህን አመሰገንኩ። አግብቼ ነበር፤ አልሆነልንም፣ ተለያየን። ልጅ የለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። ልጁ ደህና ነው? ወንድ ይሁን ሴት ሳላውቅ በየዓመቱ ዕድሜውን ስቆጥር ኖሬያለሁ። ዘንድሮ አሥራ ሰባት ይሞላዋል። በልቤ ኳስም ገዝቼለት አውቃለሁ፣ ደብተርም። አባቱ ማን እንደሆነ ዛሬ ግድ የለኝም። የኔ በሆነ ብዬ ነው የተመኘሁት።

እናቴ ነገ ከጁምዓ በኋላ ለዱዓ ሴቶቹን ጠርታለች። አንቺን አላወቀችሽም፤ ግን ‹ያቺን የሚዛን ልጅ አምጣልኝ፣ ለሴቶቹ ትናገርልኝ› ትለኛለች። ውጤቷ ደስ ቢላትም ሰውነቷ አልተመለሰም፤ ትተኛለች፣ ዓይኔ ደፈረሰብኝ ትላለች። ብትመጪ እኔ ከበሩ አልገባም። ካልፈለግሽ አታይኝም።

ቲጃኒ»

ዙህራ ወረቀቱን አጠፈችው። ዘረጋችው። ልጁ ደህና ነው? ልጁ! ያልተፈጠረ ልጅ፣ ከኪኒን የተሠራ ልጅ፣ ይሄ ቂል ሰውዬ ኳስ የገዛለት ልጅ! ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ ስታለቅስም ተናደደች፤ ስትናደድም ለማን እንደምትናደድ ጠፋባት።

* * *

ሊሙ ገነት ስትደርስ ጁምዓ አልቋል። የሀጂት ግቢ ባለበት አለ፤ መጋዘኑም አለ፣ የቡና ገለባው ሽታ ከበሩ ጀምሮ ተቀበላት። ቲጃኒ እንዳለው በር ላይ ቆሟል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መንገድ ለቀቀላት። እሷም ሳታየው አለፈች። አየችው እንጂ፤ ያላየች መሰለች።

 ቦርሳዋ ውስጥ የስኳር መለኪያዋ አለ። እሱን መያዟን ያወቀችው መንገድ ላይ ነው።

ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። የሀጂት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ማንበብ የማይችሉትም ገልብጠው ማኅተሙን ያያሉ። አልማዝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔማ ድሮም አላመንኩ! እንዲያውም ስከራከርላት ነው የቆየሁት!» ትላለች። መሃል ላይ ትልቅ ገበታ ገንፎ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ቅቤ፣ በቅቤው ላይ ማር።

«ያቺ የሚዛን ልጅ! ኮቱ፣ ነይ፣ ነይ እዚህ!» ሀጂት ጎኗ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችላት። ዙህራ ተቀመጠች። የሀጂት ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ትንፋሿ የተበላሸ ሙዝ ይሸታል። ዙህራ ይሄን ሽታ ታውቀዋለች፤ ሐኪሞቹ ሲያሸቱት የሚሮጡለት ሽታ ነው።

ሀጂት ማንኪያዋን ማሩ ውስጥ ነክራ ሞልታ አነሳች። «ቢስሚላህ።»

ዙህራ የእጇን አንጓ ያዘቻት። ማሩ ሰሌኑ ላይ ተንጠባጠበ።

«አይብሉ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ማሩን አይብሉ። የሚገድልዎት እሱ ነው።»

 አልማዝ «ውይ!» አለች።

«ሀጂትን ያከሳት ኤች አይ ቪ አይደለም፤ ወረቀቱ እውነት ነው» አለች ዙህራ ወደ ሴቶቹ ዞራ። «ስኳር ነው። ማክሰኞ ሚዛን ላይ እንደቆመች አውቄያለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።»

«ዝም አልኩ ማለት?» ቲጃኒ ነው፤ አልገባም ያለው ሰውዬ በሩ መሃል ቆሟል። «ለምን? ለምን ዝም አልሽ?»

«እሷን ጠይቃት።» ዙህራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችና ክንዷን ሀጂት ዓይን ሥር አስጠጋችው። «ፊቴ ተለውጧል። ይሄ ግን አልተለወጠም። በደንብ ይዩት፣ ሀጂት። እዚህ መጋዘን ሦስት ዓመት ቡና ለቅሟል።»

ሀጂት አየች። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«ያ ረቢ» አለች ቀስ ብላ። «የለቃሚዋ ልጅ።»

«አዎ። እርጉዟ። እናንተም አስታወሳችሁኝ፤ አንዳንዶቻችሁ ያን ቀን ነበራችሁ። እንግዲህ ስሙኝ። ቫይረሱ እኔ ደም ውስጥ ነው ያለው። ከሃያ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አለ። ያኔ የምውጠው ኪኒን ነበር ጉንጬን መጦ ሆዴን የነፋው። የዛሬው ኪኒን ደግሞ አወፈረኝ፤ ሰው ተመችቷታል ይላል። ስከሳም ስወፍርም ሥጋዬን አይታችሁ ፈረዳችሁ። አንድ ቀን እንኳ ልክ አልሆናችሁም።»

አልማዝ እጇን ከገበታው ሰብሰብ አደረገች። ዙህራ አየቻት።

«አትፍሪ፣ አልማዝ። በገንፎ አይተላለፍም። ከፈራሽ ደግሞ ቆርቆሮ ሳህን የት እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ዙህራ ወደ ሀጂት ዞረች። ድምፅዋ አሁን ዝቅ ያለ ነው፤ ዝቅ ማለቱ ነው የሚያስፈራው። «ልጅዎ አሥራ ሰባት ዓመት የልጄን ዕድሜ ሲቆጥር ኖሯል። ኳስ ገዝቼለታለሁ ብሎ ጻፈልኝ። ይንገሩት። እጅዎ ሆዴ ላይ ነበር። ልጅ ነበር ወይ?»

«ተይኝ፣ ኢንተለ ኮ። ደክሞኛል።»

«ልጅ ነበር ወይ?»

ሀጂት ልጇን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ ማሩን አየች።  «አልነበረም» አለች በመጨረሻ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ያኔውኑ። ሰባት ወልጃለሁ፣ እጄ ያውቃል። ጽንስ እጅን ይመልሳል። ያንቺ እንደ ሊጥ ነበር።»

«አዮ?» አለ ቲጃኒ። እናቱን የሚጠራበት ስም ነው፤ እንደ ሕፃን ነው የጠራት። «አዮ፣ ምን እያልሽ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ሀጂት ለአንድ አፍታ የድሮዋን ሀጂት ሆነች፤ አንገቷ ቀና አለ። «የለቃሚ ልጅ ልዳርልህ? ሃምሳ ሴት መሬት ተቀምጦ ሲለቅም መሃላቸው ካለችው አንዷን አንስቼ ምራቴ ልበላት? እርጉዝ ናት አልኩ! ብዬዋለሁ! አላህ ይቅር ይ...»

ቃሉን አልጨረሰችውም። አንገቷ ዘመመ፤ ሰውነቷ ዙህራ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሴቶቹ ጮኹ። ዙህራ መለኪያዋን አወጣች፣ የሀጂትን ጣት ወጋች፣ ጠበቀች። ማሽኑ ቁጥር አልሰጠም። ስኳሩ ከልክ ሲያልፍ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ መቁጠር ያቅተዋል።

«መኪናውን አስነሳ!» አለች። «ምን ታየኛለህ፣ አስነሳ!»

እሷም አርባ አንድ ኪሎዋን ሴት በዚያ ቀጭን ክንዷ ብቻዋን አንስታ ወጣች። ጠላቷን ታቅፋ ስትሮጥ የሚሰማትን ነገር ስም አጣችለት።

* * *

የከተማው ሆስፒታል ፈሳሽ ሰካላት፣ ኢንሱሊን ጀመረላት። ሐኪሙ ወጥቶ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ሳይጨርስ ሄደ። ዓይኗን ገልጣለች፣ ትድናለች፤ ከእንግዲህ ግን መርፌና የተመጠነ ምግብ ነው።

ዙህራና ቲጃኒ ከክፍሉ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በመካከላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ።

«ልትገድያት ነበር» አለ ቲጃኒ። ቁጣ የለበትም፤ ደክሞታል።

«አዎ። ሦስት ቀን ሙሉ ስገድላት ነበር። ሰኞ ገብቼ ለአለቆቼ እነግራቸዋለሁ። ከሥራ ካባረሩኝም ያባርሩኝ።»

«ታዲያ ምን አመጣሽ?»

ዙህራ አሰበች። ለሱ አልነበረም የምታስበው፤ ለራሷ ነበር። «ስትሞት ለማየት የመጣሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿን ሳሸት... የሞተ ሰው አይሰማም። እኔ ደግሞ እንድትሰማኝ ነው የፈለግኩት። እንድትኖርና እያንዳንዷን ቁራሽ ስትመጥን እንድታስታውሰኝ።»

ቲጃኒ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቀሰ። ዙህራ አላባበለችውም። ያለቅስ፤ ማልቀሱ ዕዳውን አይከፍልለትም፣ ድርሻው ነው።

«ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ ከእጁ ሥር። «በሽታሽን ያኔ ብትነግሪኝ፣ ወላሂ አልተውሽም ነበር።»

«ጠየቅከኝ እንዴ?» አለች። ይሄን መልስ አሥራ ሰባት ዓመት ስትሞርደው ነው የኖረችው። «‹የማን ነው› አልከኝ። ጉንጬ ገብቶ፣ እግሬ ቀጥኖ፣ ዓይንህ እያየ እያለቅኩ፣ ‹የማን ነው› አልክ። ‹ምን ሆነሻል› አላልክም። አንዲት ቃል ነበረች። ሰው ለታመመ በቅሎ እንኳ ይላታል።»

ነርሷ ፈሳሽ ይዛ አልፋ ሄደች። ውጭ ሙዝ ቅጠሉ ላይ ዝናብ ጀመረ።

ቲጃኒ እጁን ከፊቱ አነሳ። ዓይኑ ቀልቷል። ከአግዳሚው ተነሥቶ ፊቷ ቆመ፤ ቆየና መሬት ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ፤ ልክ ሃምሳዎቹ ሴቶች ይቀመጡ እንደነበረው። የባለ መጋዘን ልጅ በነጭ ሱሪው። ቀና ብሎ አያት።

«ዙህራ» አለ። «ምን ሆነሻል?»

 ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣባት፤ ባሏ፣ ኪኒኑ፣ መስታወት ፊት ጉንጯን በጣቷ እየሞላች የቆመችባቸው ጠዋቶች፣ የእናቷ አሟሟት፣ ማክሰኞ ቅጹ ላይ ባዶ የተወችው ቦታ። ሊወጣ ነበር። ከንፈሯ ድረስ ደርሶ ነበር። ግን ሰጥታው እንዲህ በቀላሉ ይቅለለው? ዛሬ ጠይቆ ዛሬ ያግኝ?

«አልነግርህም» አለች።

«እሺ። መቼ ትነግሪኛለሽ?»

«በፈለግኩ ጊዜ። ጠብቅ።»

«እጠብቃለሁ።»

«አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆንስ?»

ቲጃኒ በጣቱ ቆጠረ። የምሩን ነው የቆጠረው። «ስድሳ ሁለት ይሆነኛል» አለ። «ጆሮዬ ደህና ከሆነ እሰማሻለሁ። ካልሆነም ጮክ ትይልኛለሽ፤ ሊሙ ሁሉ ይሰማል።»

ሳቅ መጣባት፤ የማይገባ፣ ያልተጠራ ሳቅ። ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። እንዳያይባት። በቀሏ አላለቀም፣ ገና ምኑ ተነካና! ደረቷ ውስጥ ግን ያ ሲያቃጥላት የኖረው ነገር ማቃጠሉን ትቶ ይሞቃት ጀመር፤ እሷም ሙቀቱን ለብቻዋ ይዛ፣ ለሱ ሳታካፍል፣ ዝናቡን እያየች ተቀመጠች።